በሩ ሲዘጋ

ከስኮፑን ክሊኒክ ማርዩን ደወለች፤
«የሽማግሌው ራጅ ተቆርጧል» አለች፤
«ግማሹ ቶርስሃቭን ገብቷል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል፤
ሐኪሙ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ የሰው ጎድን ይፈልጋል።»

ኅዳር ነው። ዝናቡ አግድም ይዘንባል፤
እኛ ደሴት ላይ ዝናብ ከላይ መውረድ መች ያውቃል?
መኪናዬን አስነሥቼ ከባሕሩ በታች ገባሁ፣
ዓሣው ከአናቴ በላይ፣ እኔ በአለቱ ሆድ ነዳሁ።
ገመዱም አብሮኝ ይጓዛል፣ ተለጥፎ በግድግዳ፣
ከፀጉር በቀጠነ መስታወት ብርሃን ያዘለ እንግዳ።

ሮውተሩን ጠየቅሁት። አይዋሽም፤ ግን ቆጣቢ ነው በቃል፤
«መስመሩ ተነሥቷል፣ ፕሮቶኮሉም ተነሥቷል» ይላል፤
«ደኅና ነኝ» እንደሚል አባት፣ ልጁ እንዳይደነግጥ።
ወረድ ብዬ ሳነብ ግን የስሕተት ቁጥር ሲያፈጥጥ፦
አርባ አንድ ሺሕ ሦስት መቶ ሰባት የተበላሸ ፓኬት፤
ሲነሣ ሙሉ የነበረ፣
ሲደርስ እንደ ተገመጠ ብስኩት።

ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መለስሁ። ይህን ከሃኑስ ተማርሁ፤
(ጡረታ ወጥቶ በግ ይሸልታል፣ ምክሩን ግን እኔ ወረስሁ)
«ቂም ይዘሽ አትመርምሪ፤ የትናንቱን ጥረጊና
ዛሬ የሚወለደውን ቁጠሪ» ይለኝ ነበር ያ ቀና።

ዜሮ።
አሁንም ዜሮ።
ብርሃኑን ለካሁ፦ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ዴሲቤል፤
በዚህ አቅም የሚመጣ ብርሃን ፊደል አይጥል።
የገመዱን ጫፍ ነቅዬ በማጉያው አየሁት፤
አንዲት ጉድፍ ተገኘች፤ በአልኮል አባረርኋት።
የብርሃን ሞጁሉንም ቀየርሁ፤ አዲሱም አሮጌውም እኩል።
«ዳነ?» አለች ማርዩን ሻይ ይዛ።
«ዳነ» አልኋት፣ በሙሉ ቃል።

ሣጥኑን ዘጋሁ። መፍቻዬን ኪሴ ከተትሁ።
ከመኪናው ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ተመለስሁ።
አሥራ ስምንት። ሁለት መቶ ዘጠና። ስድስት ሺሕ።
ብርሃኑም ከሃያ ስምንት በታች ወርዶ ያቃስታል፣ ጭል ጭል ሲል።

ሣጥኑን ከፈትሁ፤ ጸጥ አለ። ዘጋሁት፤ ቁጥሩ ዘለለ።
ከፈትሁት፤ ጸጥ።
አንዱም ስሕተት ፊቴ አልዋለ።
ማርዩን ሳቀች፤ «የእኔም ሥራ እኮ ነው፤ ጥርሱን የሚያመው ልጅ
ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድርና ጠዋት ይሽረዋል ከእኔ ደጅ።»

እንግዲህ ስመለከተው የሚድን፣
ስተወው የሚያመው ምንድን?

ገመዱን ነቅዬ በጫፉ ቀይ ብርሃን ሰደድሁ፤
የክፍሉን መብራት አጠፋሁ፤ በሩን ቀስ አድርጌ ገፋሁ።
በማጠፊያው በኩል፣ በጠባቧ ስንጥቅ ዓይኔን ስሰካ፣
ገመዱ እንደ ጉልበት ታጥፎ፣ ብርሃኑ በጎኑ ሲፈስ ለካ!
ከታሰረበት ላላ ቢል ይዞር ነበር ያለ ጣጣ፤
ያነቀው አንድ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው፣ የታሰረ ያለ ልክ፣ በቁጣ።

«ማን ይሆን እንዲህ የሚያስር? እጁ ይቆረጥ!» ልል ስል፣
ከማሰሪያው ሥር ያለችው መለያ ወረቀት ላይ፣
ነሐሴ ይላል ቀኑ፣
የኔ «ሰባት» ቁጥር፣
ወገቧ ላይ አግድም ጭረት ያላት፣
የኔው የእጅ ጽሑፍ።

ያን ቀን የመጨረሻው ጀልባ ሊያመልጠኝ ነበር። ትዝ አለኝ።
አራት ወር ሙሉ በዘጉት ቁጥር አንቆ ያስያዘውን እጄን አየሁ፤
ማርዩን ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልሁ።

በጠሁት። ገመዱን ሰፋ ባለ ክብ አዞርሁት፣ ትንፋሽ እንዲያገኝ።
በሩን ዘጋሁ። ቆጣሪውን ጠረግሁ፤
የሃኑስ ምክር ለሰው እጅም እንደሚሠራ ገና አላወቅሁ።

ራጁ ሄደ። ቶርስሃቭን መለሰ፦
«ሦስተኛው ጎድን፣ በግራ፤ ስንጥቅ አለ፤ ደረሰ።»
ማርዩን ለሽማግሌው ልትነግረው ወጣች።
እኔ ግን ከተዘጋው ሣጥን ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ፤
ሻዩ ቀዝቅዟል፤
ዜሮን ቆጠርሁ፣
ዜሮን ቆጠርሁ።